የምርጫው ሳጥን የት ይቀመጥ?

 

 ከሶላት በኋላ እዚሁ የቆየነው ስለ አንድ ሳጥን ለመነጋገር ነው። ጥር 2004 በአወሊያ ግቢ 17 ወኪሎች መርጠን ወደ መንግሥት ስንልክ ከሦስቱ ጥያቄዎቻችን አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶቻችን ይካሄድ የሚል ነበር። በ2005 መግቢያ ምርጫ ተብሎ ተካሄደ፤ ሳጥኑ የተቀመጠው ግን ቀበሌ ነው። ከወኪሎቻችንም ብዙዎቹ ከሐምሌ 2004 ጀምሮ ታስረው ነበር።

«ሳጥን ሳጥን ነው፤ ቀበሌ ሆነ መስጂድ ምን ለውጥ አለው?» የሚሉን አሉ። በቅንነት የሚጠይቁም ስላሉ በቅንነት እንመልስ። መስጂድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ማን አማና ይመልሳል፣ ማን ዒልም አለው፣ ማን የተጣላ ያስታርቃል፣ እናውቃለን። ቀበሌ ስንሄድ ግን መዝገቡን የያዘው ሰው መታወቂያችንን የሚያድሰው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልን፣ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ስማችንን የሚጠራው ሰው ነው። እሱ ክፉ ሰው ነው ማለታችን አይደለም። ድምፅ ሰጪው ግን ወረቀቱን ሲያጥፍ ነገ ተመልሶ የሚቆምበትን መስኮት ያስባል። እንዲህ ያለ ድምፅ የማን ድምፅ ነው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የራሳቸውን የአስተዳደር ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ያስቀምጣል። እኛ የጠየቅነው ይኸው የተጻፈው እንዲፈጸም ነው።

ጉዳዩ የሙስሊሙ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አባቶቻችንን እናስታውስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ወጥተዋል። ያኔ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበር የምንባለው፤ ከሌላ አገር መጥተን ቤት የተከራየን ይመስል! አባቶቻችን «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል፣ በዓሎቻችን በሕግ ይታወቁ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ የመሬት ባለቤት እንሁን አሉ። ዛሬ ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን ሥራ ዘግተን የምናከብረው እነሱ ስለጠየቁ ነው። አብረው የተሰለፉት ክርስቲያኖች በዚያ ሰልፍ ለራሳቸው የሚያገኙት በዓል አልነበረም። እኛ እንደሚገባን፣ የጎረቤት መብት ሲጎድል የራስም እንደሚጎድል አውቀው ነው የወጡት። እኛስ የሌላው ወገናችን ድምፅ ሲታፈን አብረን እንቆማለን? መልሱን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

መጅሊስ የተቋቋመው ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሳችንንም እንውቀስ። ተቋሙ ከእጃችን የወጣው በአንድ ሌሊት አይደለም። ሂሳቡን አንጠይቅም ነበር። ማን እንደተሾመ የምንሰማው ከተሾመ በኋላ ነበር፤ ሰምተንም በረንዳ ላይ ቆመን አጉረምርመን ወደ ቤታችን ሄድን። ሰፈራችን ያለውን ዕድር እንመልከት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሰብሳቢውና ጸሐፊው በስብሰባ ይመረጣሉ፣ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ያስረዳል፣ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል። አንድ ድስት ቢጠፋ ስብሰባው ይታመሳል። የመስጂዳችን ገንዘብ ሲጎድል ግን «አላህ ያውቃል» ብለን ጫማችንን እንፈልጋለን።

አላህማ ያውቃል። እኛ ነን ማወቅ ያልፈለግነው። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ «ሹራ» የሚል ስም ያለው ነው፤ መመካከር ማለት ነው። አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ሕዝቡን ከተሳሳቱ እንዲያቀኗቸው ጠይቀዋል። እሳቸው እንዲህ ካሉ የእኛ ኮሚቴ ሲጠየቅ ለምን ይቆጣል?

ስለዚህ ማንም የማይከለክለንን ከዚሁ መስጂድ እንጀምር። የጀመዓው አባላት ስም ይመዝገብ፤ የእህቶቻችንም ጭምር። እነሱ ከመጋረጃ ጀርባ ሰደቃ እየሰበሰቡ ድምፅ ሲሰጥ የማይቆጠሩበት ምክንያት የለም። በዚህ የሚከፉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ በአክብሮት እንነጋገራለን እንጂ አንተወውም። የኮሚቴው ሂሳብ በየሦስት ወሩ ከጁምዓ በኋላ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ኮሚቴው የሥራ ዘመን ይኑረው። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል በአንቀጽ 12 ይናገራል፤ ለምክር ቤት የተባለው ለመስጂድ ኮሚቴም አይከብድም። የሚነሳውም ወንድማችን ነውና ስሙን ሳናጠፋ፣ ላገለገለው አመስግነን እንሸኘው።

ለመጪው እሁድ ከዙሁር በኋላ ተቀጣጥረናል። ደብተርና እስክሪብቶ ከወጣቶቹ አለ። ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይምጣ፤ መምጣት ለማይችሉ አዛውንቶች ወጣቶቹ ቤት ድረስ ሄደው ይመዘግባሉ። ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ይዞ እንደሚቀርብ ቃል ገብቶልናል።