በአንድ ገላ ሁለት ዘር



በግሪኮች ተረት ኪሜራ የምትባለው ፍጥረት ከፊቷ አንበሳ፣ ከወገቧ ፍየል፣ ከጅራቷ እባብ ነበረች። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህን ስም ተውሰው፣ ከሁለት ጽንሶች የመነጩ ሕዋሳትን በአንድ ገላ ለያዘ እንስሳ ሰጥተውታል። ከበቅሎ ጋር ግን አይምታታብን። አባትሽ ማነው ሲሏት አጎቷን የምትጠራው በቅሎ፣ በያንዳንዱ ሕዋሷ ውስጥ ፈረስም አህያም አለባት፤ በኪሜራ ገላ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ የአንደኛው ጽንስ ብቻ ነው።

ነገሩን አሜሪካዊው ሬይ ኦወን በሚገባ ገለጠው። በሜሪላንድ አንዲት የገርንሲ ላም በአንድ ቀን በገርንሲና በሄርፎርድ ኮርማዎች ተጠቅታ መንታ ወለደች። እንስቷ ጥጃ ገርንሲውን፣ ወንዱ ፊተ ነጩን ሄርፎርድ መሰሉ። ደማቸው ሲመረመር ግን በሁለቱም ጥጆች ደም ውስጥ የሁለቱም ኮርማዎች ምልክት ተገኘ። ኦወን በ1945 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በማኅፀን ሳሉ የእንግዴ ልጆቻቸው የደም ሥሮች ስለሚገናኙ፣ ደም ሠሪ ሕዋሳት ካንዱ ወደ ሌላው ተሻግረው ይሰፍራሉ፤ ከልደትም በኋላ ይኖራሉ። አካል የባዕድን ሥጋ እንዴት ሊታገሥ እንደሚችል ለማወቅ በሩን የከፈተው ይህ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በርኔትና ሜዳዋር ስለዚሁ ጉዳይ ኖቤል ሲሸለሙ ኦወን መታለፉ፣ ለእኔስ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ባዝራ መንታ ብታረግዝም ሁለቱን በደኅና መውለዷ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ብቻውን የተወለደ ውርንጭላ በማኅፀን የቀረውን መንትያውን ደም ተሸክሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁለት ጽንሶች ገና በጅምሩ ተጣብቀው አንድ ፈረስ የሚሆኑበትም አለ፤ ደንባርስ ጎልድ የተባለው ዝንጉርጉር የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ድንጉላ በዘር ምርመራ እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ዝንጉርጉር ሁሉ ኪሜራ አይደለም። በዚያው ዝርያ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ተመሳሳይ መልክ መኖሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

እንግዲህ በደም ናሙና ብቻ ተመርኩዘን የአባትነት ሰነድ ብንፈርም፣ እውነተኛውን አባት ልንክድ እንችላለን። ጥርጣሬ ሲኖር የጠጉር ሥርም ይመርመር፤ መንትያው ያሻገረው ደም ከሆነ ጠጉሩ የራሱን የእንስሳውን ዘር ይናገራልና። ሁለት ጽንሶች የተጣበቁበት ከሆነ ግን ከአንገትና ከጭን የተነቀለው ጠጉር ራሱ ሊለያይ ስለሚችል፣ ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ አይበቃም።

በከብት ዘንድ ጉዳቱ የገበሬውን ኪስ ይነካል። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከተወለዱ 100 ጊደሮች ከ90 የሚበልጡት መካን ናቸው፤ በፈረስ እንዲህ ያለው እምብዛም አይታይም። ጊደሪቱ መልኳ ያማረ፣ ሰውነቷም የሞላ ስለሚሆን፣ ገዢው ዓመታት ቀልቦ ጥጃም ወተትም ያጣል። ወንዱ ጽንስ በማኅፀን ጠፍቶ እርሷ ብቻዋን ተወልዳ ከሆነማ የሚጠረጥራት የለም። ስለዚህ ጊደር ለርቢ ስትመረጥ መንታ መሆን አለመሆኗን አስቀድመን እንጠይቅ። በጥጃነቷም ንጹሕና ለስላሳ ዘንግ በብልቷ በቀስታ አስገብቶ መለካት ይቻላል፤ የመካኒቱ ርዝመት ከጤነኛዋ ሲሶ ገደማ ነው።