ከሾላ ወፍጮ ቤት እስከ ሙከራው ብስኩት



ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ለገጣፎን አልፎ፣ በአያትና በኮተቤ አድርጎ ወደ መገናኛ ይዘልቃል። የሰሜን ሸዋ ስንዴና ገብስ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚሁ በየካ በር ነው። ሾላ ገበያ አካባቢ ባለ ወፍጮ ቤት አንዱ ስንዴውን አስፈጭቶ ሲነሣ፣ ተራ ስትጠብቅ የቆየችው ጤፏን ታስገባለች። ወፍጮው ውስጥ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ላለበት ግን መከራው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሴሊያክ ተራ የሆድ አለመስማማት አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የታማሚው ሰውነት ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት ጉዳቱ በራሱ በትንሹ አንጀት ላይ ያርፋል። ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሳይ የአንጀት እጥፋቶች ያልቃሉ፤ ተቅማጥ፣ ክሳት፣ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳትና የልጅ እድገት መቀጨጭ ይከተላሉ። በዓለም ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ታማሚዎች ዲኪው 2 ወይም ዲኪው 8 የተባሉትን የዘር ምልክቶች ይዘው የተወለዱ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዘንድ የእነዚህን ምልክቶች ስርጭት የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል።

ሕክምናው ከዳቦ መራቅ መሆኑን ዓለም የተማረው ከሄጉ የሕፃናት ሐኪም ከቪለም ካሬል ዲኬ ነው። ዲኬ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በነበሩት የብርድ ወራት ሆላንድ በረሃብ ስትመታ፣ ሌላው ሕፃን ሁሉ ሲከሳ የሴሊያክ ታማሚዎቹ ተሻላቸው፤ ዳቦ ተመልሶ ሲመጣ እነሱም ተመልሰው ታመሙ። በ1950 ለዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት ጥርጣሬውን በማስረጃ አጸናው። ከዚያ ወዲህ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል፤ ለበሽታው የተፈቀደ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።

ሙከራ ስላልተደረገ አይደለም። ችግሩ የሙከራው ጠባይ ነው። አንድ መድኃኒት የአንጀትን ጉዳት መከላከሉን ለማወቅ ጉዳቱን የሚያመጣውን ነገር ማብላት ያስፈልጋል። ዜድ 1227 በተባለው ክኒን ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2021 ታትሟል። በሰባት የአውሮፓ አገሮች 163 ታማሚዎች ተሳተፉ፤ ሁሉም ከግሉተን ርቀው በጤና የቆዩ ነበሩ። በየቀኑ 3 ግራም ግሉተን ያለበት ብስኩት ለስድስት ሳምንት በሉ። ከፊሉ መድኃኒቱን በሦስት የተለያየ መጠን፣ ከፊሉ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ወሰደ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ከብስኩቱ በፊትና በኋላ በኢንዶስኮፒ ከአንጀታቸው ናሙና ተወሰደ። መድኃኒቱ የሚያግደው ግሉተንን ለሰውነት ተከላካዮች አመቻችቶ የሚያቀርበውን ኢንዛይም ነው። በሦስቱም መጠን የአንጀቱ ጉዳት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 8 በመቶው ላይ ሽፍታ ታይቷል።

ሌሎቹ እንዲህ አልቀናቸውም። ግሉተንን ሆድ ውስጥ ይፈጫል የተባለው ላቲግሉቴናስ 494 ታማሚዎች ላይ ሲሞከር መድኃኒቱን የወሰዱት ተሻላቸው፤ ባዶውን የወሰዱትም እኩል ተሻላቸው! ሰው በሙከራ ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ለሚበላው ይጠነቀቃል፤ ጥንቃቄው ብቻውን መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል። ኔክስቫክስ 2 የተባለው ክትባት በ2019 ከባዶ መርፌ አልተሻለም ተብሎ ቆመ። እስከ ሦስተኛው የሙከራ ምዕራፍ የዘለቀው ላራዞታይድ የተባለው መድኃኒትም በ2022 ተቋረጠ።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የታሰቡት ለሚካኤል ዝክር የቀረበውን ድፎ ዳቦ በነፃነት ለማስበላት አይደለም። ታማሚው ሳያውቅ ከገባበት ትንሽ ግሉተን ሊጠብቁት ነው። በሾላው ወፍጮ የቀረው ዱቄት፣ በጤፍ ሊጥ ላይ የተጨመረው ገብስ፣ በየቤቱ የሚቀዳው የገብስ ጠላ፣ ለአራስ ጥየቃ የሚቀርበው የገብስ ገንፎ፣ ይህ ሁሉ ያው ጣጣ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ የሚቆርብ ታማሚም ቅዱስ ቁርባኑ ከስንዴ ስለሆነ ሕመሙን ለንስሐ አባቱ መንገር አለበት።

ጤፍ ራሱ ግን ንጹሕ ነው። በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው የሴሊያክን ሕመም የሚቀሰቅስ ግሉተን እንደሌለበት አሳይተዋል። በዚያው አገር አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ በ2018 ያን መብት የሻረው ፍርድ ቤት የተቀመጠው ዲኬ በሠራበት በሄግ ከተማ ነው። አጋጣሚው ያስገርማል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የአንጀት ትል ነገር ነው። በጅማ ተሠርቶ በ2001 በታተመ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትሉ የሰውነትን ቁጣ እንደሚያበርድ ተጠረጠረ። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ወደ ሴሊያክ ወሰዱት። 54 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመው ሙከራ ለአንዳንዱ 10፣ ለአንዳንዱ 20 እጭ፣ ለቀሪዎቹ ባዶ ሰጠ። ትሉ በቀን 2 ግራም ግሉተንን ዘለቄታ ባለው መንገድ አላስቻለም፤ በየጊዜው በትንሹ ሲወሰድ ግን ምልክቱን አቅልሏል። በእኛ ትምህርት ቤቶች የትል ክኒን በዘመቻ ይታደላል፤ እዚያ ደግሞ እጩን በፈቃዳቸው በቆዳቸው ያስገባሉ።

ይህን ሰምቶ ነገ ዳቦ ለመተው የሚነሣ አድማጭ ካለ አንድ ነገር ይወቅ። በደም የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ የሚወጡትን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ዳቦውን ትቶ ወራት የቆየ ሰው ደሙ ነፃ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ለምርመራው ሲል እንደገና ለሳምንታት ዳቦ እንዲበላ ሊጠይቀው ይችላል፤ ያው እንደ ብስኩቱ በላተኞች፣ ግን ያለ ክኒን።