ለደካማው የተጠበቀ ስፍራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል፤ መፃጉዕ ማለትም ድውይ፥ በደዌ የተያዘ ማለት ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ሰንበት በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 የተጻፈውን ታሪክ ታስነብበናለች። 38 ዓመት በደዌ የኖረ አንድ ሰው በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ጌታችንም መዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፥ እርሱም እስኪደርስ ሌላው እየቀደመው እንደሚገባ ነገረው።

እስቲ ይህን መልስ በጥሞና እንመልከተው። ይህ ሰው በውኃው አላማረረም፤ ውኃው እንዲፈውስ ያምናልና። ያዘነው ከውኃው አጠገብ ሳለ ከውኃው የራቀ በመሆኑ ነው። የቀደሙትን ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አንደፍርም፤ እነርሱም ሕመምተኞች ነበሩ፥ እነርሱም ይቸኩሉ ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ «ከእኔ የባሰ ሰው አለን?» ብሎ የጠየቀ ስላልተገኘ፥ የዚያ ሰው ዘመን ሌላውን በማሳለፍ አለቀ።

የደቡብ ጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ቁርጥማት የያዘው፥ ወገቡ የጎበጠ፥ በሰው ትከሻ የተደገፈ፥ ሁሉም ለአንድ ውኃ ይመጣል። ጉልበት ያለው ቀድሞ ከገባ፥ በምርኩዝ የመጣው ዳር ቆሞ ይቀራል።

አባቶቻችን ግን ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። ታላቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣ ነበር፤ የገባውም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ይመልስ ነበር። ኖር ማለት በአጭሩ ስፍራዬ ስፍራህ ነው ማለት ነው። ይህን ቃል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሕፃኑ ከአባቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ይማረው ነበር።

ዛሬ በደብረ ታቦር ከተማችን ባጃጁም፥ ሚኒባሱም፥ የቤት መኪናውም በዝቷል። በባንክ፥ በሐኪም ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የመኪና ማቆሚያ ስፍራ መሻማት ተጀምሯል። በትልልቅ ከተሞችና በውጭ አገር ደግሞ በአንዳንድ ማቆሚያ ላይ በሰማያዊ መደብ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ምስል ተሥሎ ይታያል። ይህን ምልክት በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የነደፈችው አንዲት የዴንማርክ ተማሪ ናት። በመጀመሪያ ሥዕሉ ራስ አልነበረውም፤ ወንበር ብቻ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ራስ ተጨመረለትና ሰው ሆነ። ይህም ያስተምረናል፤ ምልክቱን ስናይ ሰውን እንጂ ወንበርን አንመልከት።

ምልክቱ ያለበት ስፍራ ለምን ሰፊ እንደ ሆነ የማያውቁ አሉ። በወንበር የሚሄድ ሰው ከመኪናው ሲወርድ በሩን እስከ መጨረሻው መክፈት፥ ወንበሩንም ከጐኑ ማቆም አለበት። ስለዚህ በአሜሪካ ሥርዓት በዚያ ስፍራ ጐን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ መተላለፊያ እንዲተው ታዝዟል። እንግዲህ በዚያ መተላለፊያ ላይ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ የሚያቆም ሰው፥ «ማቆሚያውን አልያዝሁም» ቢል ራሱን ያታልላል፤ የወንድሙን መውረጃ ዘግቷልና።

አገራችን ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። ከዚያ አስቀድሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕግ መልካም ነው። ነገር ግን መግቢያው ተሠርቶ በደጁ መኪና ቢገተርበት ምን ይጠቅማል? ኦሪት ዘሌዋውያን በዕውር ፊት መሰናክል ማኖርን ይከለክላል። በተጠበቀ ስፍራ ያለ አግባብ የቆመ መኪናም ከዚህ መሰናክል አይለይም።

ምእመናን ሆይ! ይህን የምንናገረው ከበደል የነጻን ሆነን አይደለም። እኛም ራሳችን በዚህ ነገር ወድቀናልና በእናንተ ፊት እንናዘዛለን።

በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ጥቂት ስፍራ በድንጋይ ከልለው፥ መራመድ ለማይችሉና ሕፃን ለክርስትና ለሚያመጡ እናቶች ለይተውት ነበር። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል፥ ልጆች ጅራፍ በሚያጮኹበት፥ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ዕለት፥ ልብሰ ተክህኖ ይዘን በአንድ ምእመን መኪና ደረስን። ባለ መኪናው «አባ፥ ይህ ስፍራ የተጠበቀ ነው» አለን። እኛም «እስክንወርድ ብቻ ነው፤ አቁመው» አልነው። ከወረድን በኋላ ግን እኛ ወደ ቅዳሴው ገባን፤ እርሱም ተከትሎን ገባ፤ መኪናው በዚያው ቀረ።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ታቅፋ በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘን። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ በእግርዋ አልቆመችም። ባጃጁ ስፍራው ተይዞ ቢያገኘው ከታች ከዳገቱ ሥር አወረዳቸው። እናቲቱም ልጇን አዝላ በጭቃው ሁለት ጊዜ እየወደቀች ወጣች፤ ስትደርስም ወንጌል ተነቦ ነበር። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ማስቀደስ ይገባዋልና፥ ለመቍረብ ተዘጋጅታ የመጣችው ሕፃን ሳትቈርብ ቀረች።

እናቲቱ «አባ፥ ይፍቱኝ» ብላ መስቀል ተሳለመች። ከዚያም ያለ ቍጣ እንዲህ አለችን፤ «ዛሬ ስፍራችንን የያዘው ሰው ከእኛ የባሰ ሕመምተኛ ሳይሆን አይቀርም። እግዚአብሔር ይማረው።»

መኪናው እኛን ያመጣ መሆኑን ነገርናት፥ ይቅርታም ጠየቅናት። እርስዋ ግን ደንግጣ አፏን ያዘች፤ ካህን ይህን ያደርጋል ብላ አላሰበችምና። ኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን ሴቲቱ አልተሳሳተችም። የዚያን ቀን መፃጉዕ ልጇ አልነበረችም፤ እኛ ነበርን። የእርስዋ ደዌ በእግር ነበር፤ የእኛ ግን ባልንጀራን በማያይ ልብ ነበር። በሚቀጥለው ሰንበት ስፍራው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ልጅቱም ቈረበች። የእኛ በደል ግን እስከ ዛሬ በፊታችን አለ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ በዚህ ነገር የሚያቀርበውን ምክንያት እንመልከት። የመጀመሪያው «ለጥቂት ጊዜ ነው» ማለት ነው። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ችግረኛው የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ባዶ ነበረ» ማለት ነው። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በክረምት ራብ ቢጠናበት እንኳ አይነካውም፤ ጐታው ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጡ ሥራው ነውና። እንዲሁም የተጠበቀ ስፍራ ባዶ ሲሆን ሥራ ፈትቷል አይባልም፤ ባዶ ሆኖ ሳለ ይጠብቃል። ገና ላልደረሰው ሰው አስቀድሞ የተባለ «ኖር!» ነውና።

ሦስተኛው «እኔም ደክሞኛል፤ እኔም ልጅ ይዣለሁ» ማለት ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገር ሕፃን ለያዙ ወላጆችም ስፍራ ይለያል፤ በእንግሊዝ አገር ይህን የሚያደርጉት ገበያ ቤቶች በፈቃዳቸው ነው። እናት ሕፃንዋን ከመኪና ለማውጣት በሩን በሰፊው መክፈት አለባት፤ ሌላውም ልጅዋ በመኪናዎች መካከል እንዳይሮጥ ያሠጋታል። ስለዚህ ሕፃን ያልያዘ ሰው ይህን ስፍራ ቢይዝ ነውር ነው። ወላጆችም በበኩላቸው ለአካል ጉዳተኛ የተለየውን ስፍራ መያዝ አይገባቸውም። የእናት ድካም ልጅዋ ሲያድግ ይቀልላል፤ የዚያኛው ድካም ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው በተጠበቀው ስፍራ አቁሞ በእግሩ ሲሄድ ብናይ ለመፍረድ አንቸኩል። ልቡ የታመመ፥ ሳንባው የደከመ፥ ሃያ ርምጃ ሄዶ የሚቀመጥ ሰው አለ። ደዌ ሁሉ በዐይን አይታይም። በአደባባይ «ምን ሆነሃል?» ብሎ መመርመር የተጠበቀውን ስፍራ ከመቀማት የማይሻል በደል ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም፥ ለታመመች እናታችሁ የተሰጠውን የማቆሚያ ፈቃድ እናታችሁን ቤት ትታችሁ ለራሳችሁ ጉዳይ አታውሉት፤ ፈቃዱ የድካምዋ እንጂ የመኪናው አይደለምና።

ንጉሥ ዳዊት ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን ሜምፊቦስቴን ከገበታው አቅርቦ ሁልጊዜ ከእርሱ ጋር እንዲበላ እንዳደረገ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በምዕራፍ 9 ተጽፏል። ዳዊት ለአንድ ቀን ምጽዋት አልሰጠውም፤ ስፍራ ሰጠው። ምጽዋት የተቀበለ አመስግኖ ይሄዳል፤ ስፍራ ያለው ግን ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ! በየደብራችሁ ከደጁ አጠገብ ስፍራ ለዩ። ልዩ ቀለም ባይገኝ ድንጋይ በኖራ ቀብታችሁ ክለሉት። ለልጆቻችሁም የማን እንደ ሆነ ንገሩአቸው። በዓል ሲደርስ ሕዝብ ሲበዛ አንድ ጐልማሳ ቆሞ ይጠብቀው። ካህን ቢመጣም፥ ባለሥልጣን ቢመጣም፥ ባለጠጋ ቢመጣም በትሕትና ይመልሰው፤ እኛንም ጭምር ይመልሰን።

መፃጉዕ ሰው እንደሌለው ለጌታ ተናገረ። በእኛ ዘመን፥ በእኛ ደጅ፥ ይህን የሚል ሰው እንዳይገኝ የምንነቃበትን ልቡና አምላካችን ያድለን። የታመሙትን ይፈውስልን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።