ትዝታና መዝገብ፦ ስለ ቀድሞው ቴሌቪዥናችን



ከዚህ ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ብንወርድ ማዘጋጃ ቤቱን እናገኛለን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ከዚያ ሕንፃ ነበር። የእኔ ዕድሜ እኩዮች በተገናኘን ቁጥር ጨዋታችን ወደዚያ ጣቢያ ይመለሳል፦ ወደ «የልጆች ጊዜ»፣ ወደ «ኅብረ ትርኢት»። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ የናፈቀን በእርግጥ ምንድን ነው? የሚል ነው።

የመጀመሪያው መልሴ፦ የናፈቀን ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ አብሮ ማየቱም ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተዋናዩ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። ሰላምታ ሰጥተው ዝም ይሉ ነበር፤ በየቤቱ ያለው ልጅ መልስ እንዲሰጥ። እኛም እንመልስ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ጥቂት ስለነበረ፣ ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተደርድረን የምንመልሰው በኅብረት ነበር። ጣቢያው አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ስለነበረ፣ በማግሥቱ ትምህርት ቤት የምናወራው ተረትም አንድ ነበር።

ሆኖም ያው «አንድ ጣቢያ» ሌላ ገጽታ አለው፤ ትዝታችን ይህን ገጽታ ይዘልለዋል። በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ታየ። በማግሥቱ ዘውዱ ወደቀ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ለአብዮቱ በዓልና ለኢሠፓ ምሥረታ ሲባል ቴሌቪዥናችን ባለቀለም ሆነ። በዚያው ወቅት አዲስ ረኃብ ከበዓሉ ጀርባ ተሸፍኖ ነበር፤ ዓለም ኮረምን ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ዘገባ፣ በሞሐመድ አሚን ካሜራ ነው። የመጀመሪያውን ረኃብ ለሥልጣን መሸጋገሪያ ያዋለው መንግሥት፣ ሁለተኛውን ለራሱ ክብር ሸሸገው። አባባ ተስፋዬ ተረት የነገሩንም በዚሁ መስኮት ነበር።

ስቬትላና ቦይም በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ናፍቆትን በሁለት ትከፍለዋለች፤ አንዱ ያለፈውን እንደነበረ መልሶ ለመገንባት ይሻል፣ ሌላው ቆም ብሎ ያሰላስለዋል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ለማሰላሰል ግን ማስረጃ ያሻል። ምስሉ ከሌለ ትዝታ ያለተከራካሪ ይፈርዳል።

የምስል ማስረጃ ደግሞ ይሞታል። የማግኔት ቴፕ እርጥበት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይበሰብሳል፤ ማጫወቻው መሣሪያም ከገበያ እየጠፋ ነው። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቴፕ ለመቆጠብና ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ብዙ ሥራዎቹን ደምስሷል። ከእነዚህ መካከል የ«ዶክተር ሁ» ዘጠኝ ክፍሎች በ2013 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ተገኙ። ለንደን የጣለችውን አንድ አፍሪካዊ ከተማ አቆይታው ነበር።

ስለዚህ ለሁለት ወገን አደራ እሰጣለሁ። ለምሕንድስና ተማሪዎች፦ አሮጌ ቴፕ አንብቦ ወደ ዲጂታል መቀየር ለመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ጥናት ነው። ለጋዜጠኝነትና ለታሪክ ተማሪዎች፦ በካሜራ፣ በድምፅና በብርሃን ላይ የሠሩትን አንጋፋዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ የማን ድምፅ እንደተቆረጠም ጠይቁ። በየቤቱ መሳቢያ ያለ የቪዲዮ ካሴትም ሰነድ ነውና ከመጣሉ በፊት ይመዝገብ።

የልጅነታችንን ቴሌቪዥን መውደድ ነውር የለበትም። ነገር ግን የምንወደውን ሙሉውን እንወቀው፤ ተረቱንም፣ ዝምታውንም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።