ሁለተኛ ሥራ ከመያዛችን በፊት
(በማኅበራችን የአዳዲስ ቤተሰቦች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራልና ንግግሬን አላስረዝምም።

ከአዳዲስ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ማታ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። ያዙ ወይም ተዉ ብዬ ልፈርድባችሁ አልመጣሁም። የቤት ኪራይ አይጠብቅም፤ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቀረ ወንድም ይደውላል፤ በማሽካንታ ቤት ለመግዛትም አስቀድሞ የራስ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አልፌበታለሁ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖች አንዱ ነኝ። ኡልፓኑን ሳልጨርስ ጠዋት ሆቴል ወጥ ቤት፣ ማታ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙ በማይርቅ መሥሪያ ቤት ጽዳት ያዝሁ። ማታ ማታ በዚያች ጠባብ መንገድ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጥር በኩል አልፍ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው ቤት ዕብራይስጥ እንደገና የሰው መነጋገሪያ እንዲሆን የደከመው ኤልዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት መሆኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን ትምህርቱን አቋርጬ፣ የራሴን የደመወዝ ወረቀት ማንበብ ሳልችል በዚያ ደጅ ስመላለስ ኖርሁ።

አንድ ቀን ከልጄ ቦርሳ ውስጥ ከአስተማሪው የተላከ ደብዳቤ አገኘሁ። የሁለት ወር ደብዳቤ ነው። ከግርጌው በእኔ ስም ተፈርሟል፤ የፈረመው ራሱ ልጁ ነው። ስቆጣው «አባዬ፣ መቼ ላሳይህ? ስትመጣ ተኝቻለሁ፤ ስነሣ ሄደሃል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ደመወዛችሁ በሰዓት 40 ሼቄል ነው እንበል። በያዛችሁት ሥራ ላይ ከመደበኛው ቀን በላይ 2 ሰዓት ብትጨምሩ ሕጉ ለእነዚያ ሰዓታት 125 በመቶ ስለሚያዝ 100 ሼቄል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ላለው ሰዓት ደግሞ 150 በመቶ ነው። ያንኑ 2 ሰዓት ሌላ አሠሪ ዘንድ ብትሠሩ ግን 80 ሼቄል ነው፤ የትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው በእያንዳንዱ አሠሪ ዘንድ ለብቻው ነውና። በዚያ ላይ የግብር ማስተካከያ፣ እዚህ «ተኡም ማስ» የሚባለውን፣ ካላደረጋችሁ ሁለተኛው አሠሪ እስከ 47 በመቶ ይቆርጣል። ከ80ው የሚተርፈው 42 ሼቄል ከ40 አጎራ ብቻ ነው፤ የአውቶቡሱ ገና አልተነሣም። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ የነገረኝም አልነበረም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ከመያዛችሁ በፊት የሚከተለውን አስቡ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን አሠሪ ትርፍ ሰዓት ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ሥራ ከያዛችሁ የግብር ማስተካከያውን ወዲያው አድርጉ፤ በየዓመቱም በጥር አድሱት። ቢቱዋሕ ሌኡሚም የራሱ ማስተካከያ አለው። «ቶፌስ 101» የሚባለውን ቅጽ ስትሞሉ ሌላ ሥራ እንዳላችሁ አትደብቁ። ከዚህ በፊት ያለ አግባብ ብዙ የተቆረጠባችሁ ካላችሁ እስከ 6 ዓመት ወደ ኋላ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ትሉሻችሁን አትጣሉ።

ሦስተኛ፣ ኡልፓንን ለማታ ሥራ አትሽጡ። ኡልፓን በወራት ያልቃል፤ ያልተማሩት ቋንቋ ግን ዕድሜ ልክ ያስከፍላል። ቋንቋ የሌለው ሰው የሚሻል ሥራ ሲገኝ ያልፈዋል፤ ሐኪም ዘንድም ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ለሁለተኛው ሥራ ዓላማና ማብቂያ ቀን ስጡት። «ይህን ዕዳ እስክንከፍል» ወይም «እስከ ፋሲካ» ብላችሁ ባልና ሚስት ተስማሙ። ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ልማድ ይሆናል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ልጆቹ ሳይተኙ ቤት መገኘታችሁንም አረጋግጡ።

ስለ ዕረፍት ደግሞ ለእናንተ መንገር አይገባኝም፤ ሰንበትን ማክበር ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። የአገሩም ሕግ በሳምንት ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ወጥቼ ሞክሬዋለሁ። ገንዘቡ አልቋል፤ የት እንደገባም አላስታውስም። ያ በልጄ እጅ የተፈረመው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ትሉሽ የማይገባችሁ ካላችሁ ይዛችሁልን ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ሥራችሁን ይባርክላችሁ።