አጥንት የማይረሳው መድኃኒት፦ ቴትራሳይክሊን በሕክምናና በአካባቢ

ጡረታ ልወጣ ነውና አዘጋጆቹ ለመሰናበቻዬ 40 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርእሱን የመረጥኩት ራሴ ስለሆንኩ ከርእሱ ብወጣ የምትወቅሱት ሌላ ሰው የለም። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን ምንድን ነው ላላችሁኝ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ቴትራሳይክሊንን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ቲቲሲ ስል ያ ቀጭኑ የዓይን ቅባት ይመጣላችኋል። ጤና ጣቢያ የተወለዳችሁ ወጣቶች፣ በሕይወታችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁት መድኃኒት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ለትራኮማ በዘመቻ የሚሰጠው አሁን አዚትሮማይሲን ቢሆንም፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የሚቀባው ዛሬም ቲቲሲ ነው። እኩዮቼ ደግሞ ካፕሱሉን ታስታውሳላችሁ፤ የሚውጠው ይውጠው ነበር፣ ሌላው ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይነሰንሰዋል። እናቴ ከስኒ መደርደሪያው ጀርባ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጠው ነበር። ፋርማሲ ተምሬ ስመለስ፣ ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን ኩላሊት ይጎዳል ብዬ ጣልኩባት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ነገሩ የተጀመረው ከአፈር ነው። ቤንጃሚን ዱጋር የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው በዕድሜ ካሰናበተው በኋላ ሌደርሌ የተባለ መድኃኒት አምራች ዘንድ ገባ። (ጡረታ የምትወጡ ልብ በሉ፤ ሰውየው 70 ዓመት አልፎት ነበር።) ከየአገሩ የተሰበሰበ አፈር ይመረምር ነበር። በ1945 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሳንቦርን ማሳ በመጣ አፈር ውስጥ ወርቃማ መልክ ያለው ስትሬፕቶማይሲስ አገኘ። ስትሬፕቶማይሲስን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲነካው ያ ደስ የሚል ሽታ የእሱና የዘመዶቹ ሥራ ነው። ከእሱ የተገኘው መድኃኒት በ1948 ይፋ ሲሆን በወርቅ ስም ኦሪዮማይሲን ተባለ። ቀጥሎ በ1950 ቴራማይሲን መጣ። ከዚያ የፋይዘሩ ኬሚስት ሎይድ ኮኖቨር ከኦሪዮማይሲን ላይ አንዲት የክሎሪን አቶም አንስቶ ቴትራሳይክሊንን ሠራ።

ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ይህ ሞለኪዩል ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ወይም ብረት ካገኘ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ከወተት ጋር አትውሰዱት የምንለው ለዚህ ነው፤ ከወተቱ ካልሲየም ጋር ተያይዞ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ የማንሰጠውም ለዚሁ ነው፤ እየበቀለ ባለ ጥርስ ውስጥ ይቀመጥና መጀመሪያ ቢጫ፣ ብርሃን ሲያገኘው እየቆየ ቡናማ ይሆናል። ታናሽ እህቴ እስከ ዛሬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው የምትስቀው። ቡናማ ጥርስ ያየ ሁሉ ግን መድኃኒቱን እንዳይከስ። የስምጥ ሸለቆ ልጆችን ጥርስ ያጠቆረው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ነው።

ሁለቱን የምንለይበት አንዱ መንገድ መብራት ነው። በአጥንት ወይም በጥርስ ውስጥ ያለ ቴትራሳይክሊን አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ቢጫ ሆኖ ያበራል። ይህ በ1950ዎቹ ታወቀ። የአጥንት ሐኪሞችም ወዲያው ተጠቀሙበት፤ ለበሽተኛው ጥቂት ቀን ይሰጡታል፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይሰጡታል፤ ከዚያ ቅንጣት አጥንት ወስደው በሁለቱ ቢጫ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ። አጥንቱ በቀን ምን ያህል እንደሚገነባ በዚያ ይታወቃል። ዛፍ ሲቆረጥ እንደሚታየው ቀለበት አስቡት፤ ልዩነቱ ቀለበቱን ያሰመረው ሐኪሙ መሆኑ ነው።

አሁን ወደምወደው ልግባ። የመድረክ መሪው ሰዓቱን እያየ መሆኑን አይቻለሁ።

የአስዋን ግድብ ውሃ ከመተኛቱ በፊት ከሱዳን ኑቢያ መቃብሮች ብዙ አጽም ወጥቶ ለጥናት አሜሪካ ሄዶ ነበር። ያጠኑት የነበሩት አንትሮፖሎጂስቱ ጆርጅ አርሜላጎስና ተማሪዎቹ ናቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ ዴብራ ማርቲን የአጥንት ስስ ቁራጭ ለማየት በእጇ ያገኘችው ማይክሮስኮፕ አልትራቫዮሌት የሚጠቀም ነበር። ተራ ማይክሮስኮፕ ቢሆን ኖሮ ምንም አታይም። ዓይኗን ስታስጠጋ አጥንቱ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ።

የአጽሞቹ ዘመን ከ350 እስከ 550 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያ ዘመን ለእኛ አክሱም ነው፤ ኢዛና ወደ ኑቢያ ምድር ከዘመተ ብዙም አልራቀም። ዱጋር አፈሩን እስኪመረምር ገና 1400 ዓመት ይቀራል። እና ይህ መድኃኒት እነዚህ ሰዎች አጥንት ውስጥ ምን ይሠራል?

በ1980 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲያወጡት ብዙ ሰው አላመነም። የመቃብር አፈር ውስጥ ያለ ተሕዋስ ነው፣ ከሞቱ በኋላ ገብቶ ነው ተባለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። የአጥኚዎቹ መልስ ቢጫው የተቀመጠበት ቦታ ነው፦ አጥንት በሕይወት ሳለ እየከበበ በሚሠራቸው ቀለበቶች ውስጥ ነበር። ክርክሩ ግን ሦስት አሥርት ዓመት ቆየ። በ2010 ማርክ ኔልሰን የሚባል የቴትራሳይክሊን ኬሚስት ከአርሜላጎስ ጋር ሆኖ አጥንቱን በሃይድሮጅን ፍሎራይድ አሟሟው። ከላቦራቶሪ አሲዶች ሁሉ እኔ የምፈራው እሱን ነው። የወጣውንም በማስ ስፔክትሮሜትር መዘነው። ቴትራሳይክሊን ነበር። የአራት ዓመት ሕፃን አጥንት እንኳ ሞልቶት ተገኘ። ያን ሕፃን ሳስብ ዝም እላለሁ። ሰው ለልጁ ያን ያህል ደጋግሞ የሚያጠጣው መቼ ነው? ታሞበት ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ጥናቱ ላይ አልደርበውም።

ምንጩ ቢራ ነው ይላሉ። በእህሉ ላይ የነበረው ስትሬፕቶማይሲስ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ተራባ። የዚያ አገር አጠማመቅ ዳቦውን ላዩን ብቻ ጋግሮ፣ ውስጡን ጥሬ ትቶ፣ ከብቅል ጋር መዘፍዘፍ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። አያቴ ቂጣውን ለብ ለብ አድርጋ፣ ቆራርሳ፣ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ጥንስሱ ላይ ስትጨምር፣ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ጉልጉል ሲል አጠገቧ ነበርኩ። ሆኖም እኛ ጋኑን በወይራ እናጥናለን፤ ጌሾውም ራሱ ባክቴሪያን ይቀጣል። የእኛ ድፍድፍ ያን ተሕዋስ ያኖረዋል ወይ የሚለው ክፍት ነው፤ ከእናንተ አንዱ ይለካው። ነገ ግን «ፕሮፌሰሩ ጠላ አንቲባዮቲክ ነው አሉ» የሚል ወሬ እንዳልሰማ።

ከኑቢያ ልመለስ። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎቼን ከበሉት ዶሮ አንድ አንድ አጥንት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ አምጡ አልኳቸው። በመጋዝ ቆርጠን ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱን አበራን። አብዛኛው ሰማያዊ ነጭ ነበር። ሁለቱ ግን ጠርዛቸው ላይ ቀጭን ቢጫ ክር ነበራቸው። የአንዱ ባለቤት ተማሪ ተቆጣች፤ «ይቺን ዶሮ እናቴ ናት ያሳደገቻት!» አለች። ማታ እናቷን ጠይቃ ነገሩን አገኘችው። ጫጩቶቹ ሲታመሙ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የተገዛ ቢጫ ዱቄት ውሃቸው ላይ ይበጠበጥ ነበር። ኦክሲ ነው፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ያው ቴራማይሲን ያልነው። እናቲቱ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ጫጩቶቿን አድናለች። አጥንቱ ግን መዝግቦታል።

አምስት ደቂቃ ቀረህ ተብያለሁ። ርእሱ ላይ «አካባቢ» የሚል ቃል ነበረና ልሩጥ።

ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ እዚያው ሌደርሌ ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 ሲፈልጉ ከኦሪዮማይሲን ጠመቃ የተረፈውን አተላ ለጫጩቶች ሰጡ፤ ጫጩቶቹ ፈጥነው አደጉ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መኖ ውስጥ በትንሽ በትንሹ መጨመር ልማድ ሆነ። በ1976 ስቱዋርት ሌቪ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ እርሻ ላይ ያሳተመው ጥናት ሁላችሁም ልታነቡት የሚገባ ነው። መድኃኒት ያለበት መኖ የበሉ ዶሮዎች አንጀት በሳምንታት ውስጥ መድኃኒቱን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ተሞላ፤ በወራት ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱን ያልቀመሱት የእርሻው ቤተሰቦች ዘንድ ታዩ። አውሮፓ አንቲባዮቲክን ለማፋፊያ መጠቀምን ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2006 ነው።

እንስሳው ከወሰደው አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንትና በእበት ይወጣል። ማሳ ላይ ሲደርስም ያው ጠባዩ አይለቀውም፤ ከሸክላ አፈሩና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ፀሐይ ያገኘው ይፈርሳል፤ የተቀበረው ይቆያል። መላመዱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ በካናዳ ዩኮን 30,000 ዓመት በበረዶ በቆየ አፈር ውስጥ ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ዘረ መል ተገኝቷል። እኛ የጨመርነው መጠኑን ነው። በቶን።

ስለ ወተት የያዝኩትን ሦስት ገጽ ዘልዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጎረቤቴ ወተቱ አልረጋ፣ እርጎ አልሆን አላት። ሰው ዓይን በልቶት ነው አላት። ከሻጩ ጋር ስንነጋገር ላሟ ከሦስት ቀን በፊት ኦክሲ ተወግታ ነበር። ለእርጎው የሚያስፈልጉትን ባክቴሪያዎች ያስቸገራቸው መድኃኒቱ ነበር፤ ማፍላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሐኪሙ ከመርፌ በኋላ ይህን ያህል ቀን ወተቱን አትሽጥ ሲል ቀኑን ከራሱ አያመጣውም።

በሉ አሁን የአዳራሹን መብራት አጥፉልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ። የግራው የተማሪዬ እናት ዶሮ ነው፤ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ። የቀኙን ትናንት ከበላሁት ምሳ ነው ያነሣሁት፤ እኔም ገና አላየሁትም። የኋላ ወንበር ያላችሁ ቀረብ በሉ።