ፊውዝ የማያየው እሳት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ኤሌክትሪክ ደግ አገልጋይ ነው፤ ሒሳቡን ለማያውቅ ጌታ ግን አይታመንም። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ጥቅሙም ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለምናድርበት ቤት ጭምር ነው።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ የገለጠው ሕግ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ ሕግ ቮልቱን ለአምፔሩ ብናካፍል ተቃውሞውን በኦም እናገኛለን። ለምጣድ፣ ለካውያና ለመሳሰሉት ደግሞ ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛ ኃይሉን በዋት እናገኛለን። እንግዲህ ሁለት ቍጥር የለካ ሰው አራት ቍጥር አወቀ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በማራዘሚያ ገመድ ተሰክቷል እንበል። ምጣዱ ከመብራቱ በፊት ሶኬቱ 220 ቮልት ነበረው። ምጣዱ ሲበራ 16 አምፔር ይስባል፤ ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ግን 212 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ። 212ን ለ16 ብናካፍል የምጣዱ ተቃውሞ 13.25 ኦም ነው፤ ብናባዛ ኃይሉ 3392 ዋት ነው። እንጀራውን የሚያበስለው ይህ ነው።

የጐደለው 8 ቮልትስ ወዴት ሄደ? 8ን ለ16 ብናካፍል ግማሽ ኦም፣ ብናባዛ 128 ዋት ይሆናል። ይህ ኃይል በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። በረጅም ገመድ ላይ ቢበተን ገመዱ ለብ ይላል። ነገር ግን በላላ ስፒና ወይም በእጅ በተጠመዘዘ መጋጠሚያ ላይ ቢሰበሰብ፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ ከ100 ዋት አምፖል የበለጠ ሙቀት ይወጣል። ፕላስቲኩ ይጠቍራል፣ ይቀልጣል፤ አጠገቡ መጋረጃ ካለ የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻም።

«ፊውዝ አለ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፔር ከልክ እንዳያልፍ ነው። መጋጠሚያ ሲላላ ግን ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞ ሲጨምር አምፔሩ ይቀንሳል እንጂ አይበዛም። ስለዚህ ፊውዙ ምንም አላየም። ያየ ቢኖር ቈጣሪው ነው፤ በ10 ሰዓት ውስጥ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ያስከፍለናል። ቤታችንን ለሚያቃጥል ሙቀት ዋጋ እንከፍላለን ማለት ነው።

«ይህ ገመድ ለመብራት ስንት ዓመት አገልግሏል» የሚለውም ክርክር አያዋጣም። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው ከ0.3 አምፔር በታች ነው። ጄምስ ጁል በ1841 እንዳስረዳው አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአምፖል የታመነ መጋጠሚያ ለምጣድ አይታመንም።

ስለዚህ ጓደኞቻችንን ሦስት ነገር እንለምናለን። ምጣድ በማራዘሚያ ገመድ አይሰካ፤ የራሱ መስመር ይኑረው። ስፒና ቢሞቅ፣ ቢጠቍር ወይም ቢሸት ከዋናው ማጥፊያ ይጥፋና ባለሙያ ይጠራ። መለካቱን ልምምዱ ያላቸው ብቻ ያድርጉት፤ ማካፈሉንና ማባዛቱን ግን ሁላችን እንችላለን።